ግንቡን የሠራው ማን ነው? ስለ ሰሜን ምዕራብ ዌልስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሊቨርፑል ወይም ከማንቸስተር ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ብትነዱ፣ በስተቀኝ ባሕሩ በስተግራ ተራራው ይመጣል። አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል "አራፍ" የሚል ቃል ታያላችሁ። በዌልሽኛ "ቀስ በል" ማለት ነው። እንግሊዝኛው ከሥሩ ይከተላል።

አገሩ ሰሜን ምዕራብ ዌልስ ነው። የግዊኔዝ አውራጃ፣ የአንግልሲ ደሴት፣ ኤረሪ የሚባለው ተራራማ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። እንግሊዝ የሚኖሩ ወዳጆቼ ለሽርሽር ሄደው ፎቶ ይልኩልኛል። ግንብ፣ ሐይቅ፣ በግ፣ ጭጋግ። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ከፎቶው ጋር የሚመጣው ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ አገሩን ያያል፣ ባለአገሩን አያይም። ይህን አገር ስለምወደው አንድ በአንድ ላስተካክል ተነሳሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"ዌልስ የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ናት፤ ቋንቋዋም የገጠር እንግሊዝኛ ነው"

አይደለችም፤ አይደለምም። ዌልስ እንደ ስኮትላንድ ሁሉ በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ያለች አገር ናት። የራሷ ፓርላማ አላት። ዌልሽኛም ከእንግሊዝኛ አልተወለደም። የኬልት ቋንቋ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ፈረንሳይ ውስጥ የሚነገረው ብሬቶንኛና የኮርንዎል ቋንቋ ናቸው። የዛሬው እንግሊዝኛ አባቶች ባሕር ተሻግረው ከመምጣታቸው በፊት የደሴቲቱ ሰዎች ይናገሩት ከነበረው ቋንቋ ነው የወረደው።

"ዌልስ" የሚለው ስም ራሱ ያስገርመኛል። ያወጡት አዲስ መጤዎቹ ናቸው፤ ትርጉሙም "ባዕዶች" ነው። ሰው በገዛ አገሩ ባዕድ ተባለ ማለት ነው። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበት ሌላ ስም አላቸው። አገሩ "ከምሪ" ይባላል። ሥሩ "የአንድ አገር ልጆች" እንደማለት ነው።

ድምፁን ለሰማው ሐበሻ አንዳንዱ ነገር አይከብደውም። ሃርሌኽ የሚባል ከተማ አለ። እንግሊዞች መጨረሻውን "ክ" እያሉ ያልፉታል። ትግርኛ ተናጋሪ "ኸ"ን ሲያወጣ የሰማ ግን ወዲያው ይይዘዋል። ሁለቱን "ል" አንድ ላይ የሚጽፉት ድምፅ ነው የሚያስቸግረው። ምላስን "ለ" እንደሚል ሰው አስደግፎ ትንፋሹን በጎን ማውጣት ይጠይቃል።

"ቋንቋው ሞቷል" የሚሉም አሉ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 538 ሺህ ያህል ሰዎች ዌልሽኛ እንናገራለን ብለዋል። በመላው ዌልስ 17.8 በመቶ መሆኑ ነው። ግዊኔዝ ላይ ግን 64.4 በመቶ ይደርሳል። እዚያ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ዳቦ የሚገዛበት፣ ስብሰባ የሚመራበት ቋንቋ ነው። አደጋ የለበትም አልልም። ቁጥሩ ከ2011 ቆጠራ ቀንሷል። የቤት ዋጋ ንሮ፣ ቤቶቹ ለእረፍት ብቻ በሚመጡ ሰዎች እየተገዙ፣ ወጣቱ ከሰፈሩ እየወጣ ነው። ያም ሆኖ መንግሥታቸው በ2050 የተናጋሪውን ቁጥር አንድ ሚሊዮን ለማድረስ ዕቅድ ይዟል።

ቋንቋውን በሕይወት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዊልያም ሞርጋን የሚባል ካህን በ1588 ሙሉውን በዌልሽኛ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕዝቡን በቋንቋው ማንበብ አስተማሩት። በ19ኛው መቶ ዘመን በየመንደሩ የጸሎት ቤት ሲሠራ መንደሩ ራሱ በጸሎት ቤቱ ስም መጠራት ጀመረ። ዛሬ ግዊኔዝን ስታቋርጡ ቀርሜሎስን፣ ናባውን፣ ናዝሬትን፣ ቤተ ሳይዳን ታገኛላችሁ። ናዝሬት ስል ከአዳማ ጋር እንዳትምታታባችሁ። ይቺኛዋ ጥቂት ቤቶች ያሏት የተራራ ሥር መንደር ናት።

"ግንቦቹ የዌልስ ነገሥታት ኩራት ናቸው"

ይህኛው ላይ ረጋ ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ጎንደርን ያየ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፋሲል ግንብን ስናይ የምናስበው ቀላል ነው፤ ንጉሡ የራሳችን፣ ግንቡም የራሳችን። ስለዚህ የካይርናርቮንን ማማዎች ያየ ሐበሻ "እነሱም እንደ እኛ ነገሥታት ነበሯቸው" ይላል።

ነገሥታትስ ነበሯቸው። ግንቡን የሠራው ግን ያሸነፋቸው ሰው ነው።

የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1277 አንድ ጊዜ፣ በ1282 ሁለተኛ ጊዜ ዘመተ። የዌልስ ልዑል ልዌሊን አፕ ግሪፊዝ ታኅሣሥ 11 ቀን 1282 ተገደለ። በሚቀጥለው ዓመት ወንድሙም ተይዞ በአደባባይ ተገደለ። በዚያው በ1283 ካይርናርቮን፣ ኮንዊና ሃርሌኽ መሠረታቸው ተጣለ። ለምን እንደተሠሩ አቀማመጣቸው ይናገራል። ሲሠሩ ሁሉም ከውሃ ዳር ነበሩ። ሕዝቡ አምፆ ቢከባቸው እንኳ ስንቅና ወታደር በመርከብ ይገባል። ሥራውን የመራው ከሳቮይ የመጣው ጄምስ ዘ ሴይንት ጆርጅ የሚባል ዋና ግንበኛ ነበር። ሠራተኛው ከእንግሊዝ ከየአውራጃው እየተሰበሰበ ተነዳ።

ኮንዊ ላይ ግንቡ ያረፈበት ቦታ ገዳም ነበረበት። ያውም ተራ ገዳም አይደለም። ከተገደለው ልዌሊን በፊት የነበረው፣ ታላቁ ልዌሊን የሚባለው የዌልስ ልዑል የተቀበረበት ነው። ኤድዋርድ መነኮሳቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ በገዳሙ ቦታ ላይ ከተማና ምሽግ ሠራ። ይህን ካወቅኩ በኋላ የኮንዊን ፎቶ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ከተማዋን የከበበው ግንብ 1.3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 21 ማማዎች አሉት። በውስጡ እንዲሰፍሩ የተጠሩት እንግሊዞች ነበሩ። ባለአገሩ ከቅጥሩ ውጭ ቀረ።

በ1294 ዌልሾች አመፁ፤ ካይርናርቮንንም ያዙ። አመፁ ሲደመሰስ ኤድዋርድ በ1295 አንግልሲ ደሴት ላይ ቦማሪስን አስጀመረ። ቦማሪስ በቅርጹ እጅግ የተዋበ ነው፤ ግንብ በግንብ ውስጥ፣ ሁሉ ነገር በልክ። ግን አላለቀም። ገንዘቡ ወደ ስኮትላንድ ጦርነት ሄደ። ለዚህ ነው ማማዎቹ አጫጭር ሆነው የቀሩት። አጠገቡ የነበረችው የዌልሾች የንግድ መንደር ላንቫይስም ሕዝቧ ተነቅሎ ወደ ደሴቱ ሌላኛው ወገን ተወሰደ።

አራቱ ግንቦች በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ይገባቸዋል። ካይርናርቮን ግድግዳው በተለያየ ቀለም ድንጋይ በአግድም የተሰመረ ነው። ብዙ የታሪክ ሰዎች የቁስጥንጥንያን ቅጥር ለማስመሰል ነው ይላሉ። ኤድዋርድ ማስተላለፍ የፈለገው መልእክት "የሮም ወራሽ እኔ ነኝ" የሚል ነበር ማለት ነው። ውበቱን አልክድም። ግን ለማን እንደተነገረ ካላወቅን ውበቱን ግማሹን ብቻ ነው ያየነው።

ዌልሾች ራሳቸው የሠሩትን ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ላንበሪስ ውጡ። ሐይቁ ዳር ዶልባዳርን የሚባል አንድ ክብ ማማ ቆሟል። ታላቁ ልዌሊን በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው ያሠራው። ትንሽ ነው። ጣሪያ የለውም። ብዙ ቱሪስት ሳያየው ያልፋል። ከበስተኋላው ተራራው፣ ከፊቱ ውሃው። ዶልዊዘላንና ክሪኪየዝም እንዲሁ የዌልስ ልዑላን ሥራ ናቸው። ለእኔ ከሁሉም ዶልባዳርን ይበልጥብኛል።

"የመጀመሪያው የዌልስ ልዑል በጨቅላነቱ ለሕዝቡ ቀርቦ ነበር"

አስጎብኚዎች የሚወዷት ታሪክ ናት። ኤድዋርድ ለዌልሾች "እዚሁ የተወለደ፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የማይናገር ልዑል እሰጣችኋለሁ" አላቸው። እነሱም ደስ አላቸው። እሱም አራስ ልጁን በጋሻ ላይ አድርጎ አቀረበላቸው።

ልጁ በእርግጥ ካይርናርቮን ውስጥ ሚያዝያ 25 ቀን 1284 ተወልዷል። ታሪኩ ግን ተጽፎ የተገኘው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ከዚያም በላይ ልጁ ሲወለድ ታላቅ ወንድሙ አልፎንሶ በሕይወት ነበር። ስለዚህ አልጋ ወራሽ እንኳ አልነበረም። የዌልስ ልዑል የተባለው በ1301፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነው። ከልዌሊን በፊትም በኋላም ዌልሾች የራሳቸው ልዑላን እንደነበሯቸው ደግሞ ታሪኩ ይሸፍናል። ኦዋይን ግሊንዱር በ1400 ተነስቶ ራሱን የዌልስ ልዑል ብሏል። ሃርሌኽን በ1404 ከእንግሊዞች እጅ ወስዶ እስከ 1409 መቀመጫው አድርጎታል።

"ፔንሪን ግንብ ከሁሉም ይበልጣል፤ የጥንት ነው"

ባንጎር ከተማ አጠገብ ያለው ፔንሪን ትልቅ ነው፤ ያስፈራልም። ግን ጥንታዊ አይደለም። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ የተሠራ የሀብታም መኖሪያ ቤት ነው። ቶማስ ሆፐር የሚባል አርክቴክት የኖርማኖችን ምሽግ እንዲመስል አድርጎ ነደፈው።

ገንዘቡ ከሁለት ቦታ መጣ። አንዱ ጃማይካ ነው። ቤተሰቡ እዚያ የስኳር እርሻ ነበረው፤ የሚሠሩበትም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ሪቻርድ ፔናንት የሚባለው የቤተሰቡ ሰው ፓርላማ ውስጥ የባሪያ ንግድ እንዳይቀር ተከራክሯል። ባርነት በሕግ ሲቀር ደግሞ ግንቡን ያሠራው ወራሽ ለ764 ሰዎች ካሳ ተቀበለ፤ ከ14 ሺህ ፓውንድ በላይ። ካሳው ለባለቤቱ ነበር። ለሰዎቹ ምንም አልተሰጠም።

ሁለተኛው ምንጭ ከጓሮው ያለው ተራራ ነው። በዚህ አገር ቀጫጭን ሆኖ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ አለ። ድሮ ተማሪ ቤት ለሰሌዳ ይጠቀሙበት ነበር። ዋናው ሥራው ግን ጣሪያ ማልበስ ነው። ከዚህ የወጣ የሰሌዳ ድንጋይ የብዙ አገር ከተሞችን ጣሪያ ሸፍኗል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፔንሪን ካባ፣ ማለትም ድንጋዩ ተፈልፍሎ የሚወጣበት ቦታ፣ በዓይነቱ በዓለም ትልቁ ነበር።

የካባው ሠራተኞች ዌልሽኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። መኖሪያቸው ያቺ ቀደም ብዬ የጠቀስኳት ቤተ ሳይዳ ናት። በኅዳር 1900 ከጌታው ጋር በማኅበር የመደራጀት መብት ላይ ተጋጭተው ሥራ አቆሙ። ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች። ሦስት ዓመት ሙሉ፤ እስከ 1903። አንዳንዱ ርሃቡን አልቻለም፤ ተመልሶ ገባ። ያልገቡት በመስኮታቸው ላይ ወረቀት ለጠፉ። "በዚህ ቤት ከሀዲ የለም" ይላል። ብዙዎች ወደ ደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ተሰደዱ። አድማው ተሸነፈ። ሰፈሩ ግን ማን ገባ፣ ማን አልገባም የሚለውን ለትውልድ አስታወሰ።

ይህ የካባ አገር በ2021 እሱም የዓለም ቅርስ ሆኗል። ደስ ብሎኛል። የንጉሡ ግንብ በ1986፣ የሠራተኛው ካባ በ2021። ዘግይቷል፤ ግን መጣ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ላንበሪስ ላይ በ1969 የተዘጋ ዲኖርዊግ የሚባል ካባ አለ። ከውጭ ሲታይ የተቆረጠ ተራራ ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ግን ከ1984 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ይሠራል። ሌሊት ኃይል ሲተርፍ ውሃውን ወደ ላይኛው ሐይቅ ይገፋል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሻይ ሲጥድ ውሃውን ወደ ታች ይለቀዋል። በሰኮንዶች ውስጥ ይነሳል።

"ኤረሪ ማለት የንስር አገር ማለት ነው"

በዌልሽኛ ንስር "ኤረር" ይባላል። ስለዚህ ትርጉሙ ግልጽ ይመስላል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ቃሉ ከፍታን፣ ደጋን የሚያመለክት ነው ይላሉ። በእኛ አነጋገር "ደጋው" እንደማለት ነው። ንስር ድሮ ነበረ፤ ከጠፋ ቆይቷል። ንስር ፍለጋ የሄደ ሰው ቁራ አይቶ ይመለሳል። ቁራው ላይ በኋላ እመለሳለሁ፤ ቀላል ቁራ አይደለም።

እንግሊዞች አካባቢውን ስኖውዶኒያ፣ ትልቁን ተራራ ስኖውደን ይሉታል። የፓርኩ አስተዳደር በኅዳር 2022 የዌልሽኛውን ስም ብቻ ለመጠቀም ወስኗል። ፓርኩ ኤረሪ፣ ተራራው ኧር ዊዝቫ። አንዳንዱ "አዲስ ስም አወጡ" ብሎ ተቆጣ። አዲሱ አልነበረም፤ አሮጌው ነው። ኧር ዊዝቫ የመቃብር ጉብታ ማለት ነው። የነገሥታትን ጢም እየላጨ የሚለብሰውን ካባ የሰፋ ሪታ የሚባል ግዙፍ ሰው ከጫፉ ላይ ተቀብሯል ይባላል።

"ኧር ዊዝቫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው"

ግማሽ እውነት ነው። ድንጋዩ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ከ450 ሚሊዮን ዓመት በፊት። ግን የዛሬው ጫፍ የእሳተ ገሞራ አፍ አይደለም። ያን ጊዜ ቦታው ባሕር ሥር ነበር። ጫፉ ላይ ዛጎል ያላቸው የባሕር ፍጥረታት ቅሪት በድንጋይ ውስጥ ይገኛል። ቅርጹን የሰጠው በረዶ ነው። በበረዶ ዘመን ግግሩ እየተንሸራተተ ሸለቆውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ፈልፍሎታል።

ይህን ባለማየታችሁ አትፈሩ። ቻርልስ ዳርዊንም አላየውም። በ1831 ወጣት ሳለ ከመምህሩ ከሴጅዊክ ጋር ወደ ኩም ኢድዋል ሸለቆ ሄዶ ቅሪተ አካል ሲፈልግ ዋለ። የበረዶው ጭረት በየድንጋዩ ላይ ነበር። አንዱንም ልብ አላለም። በ1842 ተመልሶ ሲያየው በራሱ ተገረመ።

"ባቡር የሚወጣው ተራራ ነው፤ ምን ይከብዳል?"

ከ1896 ጀምሮ ጫፉ ድረስ የሚሄድ ባቡር አለ። ከፍታውም 1,085 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ እንኳ ከእጥፉ በላይ ናት። ስለዚህ ሐበሻ ይንቀዋል። አትናቁት። ቁም ነገሩ ከፍታው ላይ አይደለም። የምትነሱት ከባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ጭጋጉ በደቂቃ ውስጥ መንገዱን ይሰውራል። ክሪብ ጎኽ የሚባለው ሹል ጫፍ ደግሞ ከብሪታንያ ዝናባማ ቦታዎች አንዱ ነው። ለኤቨረስት የተዘጋጀው የ1953ቱ ቡድን እዚሁ ተለማምዷል። የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞቹ በስኒከር ወጥተው የተሰበሩ ሰዎችን ሲሸከሙ ነው የሚውሉት። ደህና ጫማ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ካርታ። በቃ።

"ሰው ያልነካው ተፈጥሮ ነው"

ይህ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ አባባል ነው። ምክንያቱም ሰዎቹን ያጠፋቸዋል።

ያ ልሙጥ አረንጓዴ ኮረብታ ተፈጥሮ ብቻውን የሠራው አይደለም። ከታች ያለው ሸንተረር ሁሉ ድሮ ደን ነበር። ሰው መነጠረው፤ በግ ጋጠው። የድንጋይ አጥሮቹን ሰው በእጁ ካበ። በበጋ ከብቱን ይዘው ወደ ላይ ይወጡ ነበር፤ በክረምት ወደ ቆላው ቤታቸው ይመለሱ ነበር። የላይኛው ቤት "ሀቮድ"፣ የታችኛው "ሄንድሬ" ይባላል። ዛሬም የቦታ ስም ሆነው ቀርተዋል። "ከነቪን" የሚል ቃልም አላቸው። በጓ ያለ አጥር የምታውቀው፣ እናቷ ያስተማረቻት የግጦሽ ቦታ ማለት ነው። ለሰውም ይሆናል፤ ያደገበት፣ እግሩ የሚያውቀው ቦታ።

ከድሮው ደን የተረፈ አለ። በየሸለቆው ገደል ውስጥ፣ በግ ባልደረሰበት። የኦክ ዛፍ ነው፤ ግንዱ በአረንጓዴ የዛፍ ሽበት ተሸፍኗል። ሳይንቲስቶች ዝናባማ ደን ይሉታል። ዝናብ ደን የሞቃት አገር ብቻ ይመስለን ነበር፤ እዚህም አለ። ዋና ጠላቱ ለጌጥ ከውጭ የመጣው ሮዶደንድሮን ነው። አበባው ሐምራዊ፣ ያማረ። ከጥላው ሥር ግን ምንም አይበቅልም።

ሐይቆቹም ሁሉ የተፈጥሮ አይደሉም። ባላ ከተማ አጠገብ ልን ከሊን የሚባል ፀጥ ያለ ሐይቅ አለ። ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሳል። ከሥሩ ካፔል ከሊን የሚባል መንደር ነበር። ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ መቃብር፣ እርሻዎች። ሁሉም ዌልሽኛ ተናጋሪ ነበሩ። የሊቨርፑል ከተማ ውሃ ፈለገ። የለንደን ፓርላማ በ1957 ፈቀደ። የዌልስ እንደራሴዎች ተቃውሞ አላቆመውም። መንደርተኞቹ ሊቨርፑል ድረስ ሄደው ሰልፍ ወጡ። በ1965 ግድቡ ተመረቀ፤ መንደሩ ሰጠመ። ሊቨርፑል በ2005 ይቅርታ ጠየቀች። እዚያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ብታውቁት ደስ ይለኛል። "ትሬወረንን አስታውሱ" የሚል ጽሑፍ ዛሬም በየግድግዳው ይጻፋል። ትሬወረን የሸለቆው ስም ነው።

"የውሻው መቃብርና ረጅሙ ስም ጥንታዊ ናቸው"

ሁለቱንም ባጭሩ። ቤዝጌለርት መንደር ውስጥ የውሻ መቃብር አለ። ልዑል ልዌሊን ልጁን የበላ መስሎት ታማኝ ውሻውን ገደለ፤ ኋላ ግን ውሻው ልጁን ከተኩላ ያዳነ ሆኖ ተገኘ ይባላል። ታሪኩ በብዙ አገር የሚተረት ተረት ነው። ከዚህ መንደር ጋር ያገናኘው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነበረ ባለ ሆቴል ነው። የመንደሩ ስም የመጣው ከጥንት ቅዱስ ሳይሆን አይቀርም።

አንግልሲ ላይ ደግሞ 58 ፊደል ያለው የባቡር ጣቢያ ስም አለ። ላንቫይርፑልጉዊንጊል ብሎ ጀምሮ ይቀጥላል። "በነጭ ሃዘል ዛፍ ሸለቆ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን" ብሎ ይነሳና ሌላ ቤተ ክርስቲያን፣ አዙሪትና ቀይ ዋሻ ይጨምራል። መጀመሪያው እውነተኛ ነው። ጭራው በ1860ዎቹ ጎብኚ ለመሳብ የተቀጠለ ነው።

"ከበግ በቀር አውሬ የለም"

በግማ ሞልቷል። በዌልስ የበጉ ቁጥር ከሰው እጥፍ በላይ ነው። ግን ቀና በሉ፤ ዝቅም በሉ።

በገደሎቹ ላይ ቀጭን ቅጠል ያላት ነጭ አበባ አለች። የስኖውደን ሊሊ ይሏታል። በመላው ብሪታንያ ከኤረሪ በቀር ሌላ ቦታ አትበቅልም። የበረዶ ዘመን ትራፊ ናት። ባላ ሐይቅ ውስጥም ግዊኒያድ የሚባል ዓሣ አለ። በረዶው ሲቀልጥ እዚያው ተቆልፎ ቀረ።

ቀንዳሞቹን የዱር ፍየሎች ያየ ሐበሻ "ዋሊያ!" ይላል። አይደሉም። ድሮ ከሰው ቤት ያመለጡ የቤት ፍየሎች ዘር ናቸው። በመጋቢት 2020 ሰው በኮሮና ቤቱ ሲዘጋ ወደ ላንዲድኖ ከተማ ወርደው የሰው አጥር የበሉት ደግሞ የካሽሚር ዘር ናቸው።

አንግልሲ ደሴት ላይ ቀይዋ የዛፍ ሽኮኮ አለች። ከአሜሪካ የመጣው ግራጫው ዘመዷ በሽታ እያመጣባት በአብዛኛው ብሪታንያ ጠፍታለች። እዚህም ጥቂት አሥሮች ቀርተው ነበር። ከ1998 ጀምሮ ግራጫውን ከደሴቱ አስወጡት። ዛሬ ቀዮቹ በመቶዎች ናቸው።

ሊን ከሚባለው ልሳነ ምድር ጫፍ ባሻገር ኤንሊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። 20 ሺህ ቅዱሳን ተቀብረውባታል ይባላል። ሌሊት ማንክስ ሺርዋተር የሚባሉ የባሕር ወፎች በጨለማ እየጮሁ ወደ ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ክረምቱን ደቡብ አሜሪካ ነው የሚያሳልፉት። በ1957 እግሩ ላይ ቀለበት የታሰረለት አንድ ወፍ በ2003 በሕይወት ተገኝቷል።

አሁን ወደ ቁራው ልመለስ። መልኩ ድፍን ጥቁር ነው። ምንቃሩና እግሩ ግን ደማቅ ቀይ ነው። በሊን ገደሎች፣ በአንግልሲ የባሕር ዳር፣ በተተዉት ካባዎች ውስጥ ይኖራል። የብሪታንያ ቀይ ምንቃር ቁራዎች አብዛኞቹ ያሉት ዌልስ ነው። የሚበላው በአፈር ውስጥ ያለ ትልና ጉንዳን ስለሆነ አጭር ሣር ይፈልጋል። ማለትም የተጋጠ ሣር። በጉ ከወጣና ሣሩ ከረዘመ ይራባል። "ሰው ያልነካው" ቢሆን ኖሮ ይህ ወፍ እዚህ ባልበዛ።

ይኸው ወፍ ከአፍሪካ ከሰሐራ በታች በአንድ አገር ብቻ አለ። በስሜንና በባሌ ተራሮች። ከሌሎቹ ዘመዶቹ ርቆ፣ ብቻውን። ሳንቃበር ላይ ከገደሉ አፍ ቆማችሁ ከበታቻችሁ በነፋስ ሲገለባበጥ አይታችሁት ይሆናል። የሊን ገደል ላይ ስትቆሙም እንዲያው ነው፤ መጀመሪያ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ሹል "ችያው" ይላል፣ ከዚያ ክንፉን አጥፎ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፣ ባሕሩ ሊነካው ሲል ተመልሶ ይነሳል።